የሽንት ጨርቁን ማን ያጥበው?



በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጉዳይ ለመንፈሳዊ ገጽ የማይመጥን ይመስል ይሆናል። ስለ ሕፃናት የሽንት ጨርቅ ነውና። ነገር ግን ገጹን ከመዝጋታችሁ በፊት በአንድ እሑድ ጠዋት ላንቻ ሠፈር ውስጥ ያለችን አንዲት እናት አስቡ። ልጇ የአራት ወር ሕፃን ነው። ባለቤቷ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ አምልኮ ለመውጣት ተዘጋጅቷል። እርሷ ግን አትሄድም። ቤት ውስጥ የታመመ የለም፤ እንግዳም አልመጣም። ዳይፐሩ አልቋል፣ ደመወዝ ደግሞ ገና ነው። የሽንት ጨርቅ አላት፤ ነገር ግን "በጨርቅ ይዤው ጉባኤ ብገባ ሰው ምን ይለኛል? በመሐል ቢያረጥብብኝስ?" ብላ ትቀራለች። አንዱ እሑድ ሁለት ይሆናል፤ ሁለቱም ወር ይሆናል። ከዚያ በኋላ "እኅታችን ከወለደች ወዲህ ቀዝቅዛለች" ይባላል።

ወገኖች ሆይ፣ እንዲህ ያለች እናት በየአጥቢያችን አትጠፋም። ስለዚህ ዛሬ የሽንት ጨርቅን በቤትም ሆነ በመንገድ እንዴት መጠቀም እንደሚቻል፣ እንዲሁም ሸክሙ የማን እንደሆነ አብረን እንመልከት።

ጌታም በጨርቅ ተጠቅልሏል

በመጀመሪያ ኀፍረቱን እናስወግድ። ወንጌላዊው ሉቃስ በምዕራፍ 2 ቁጥር 7 ላይ እንደሚነግረን፣ ማርያም ጌታን በወለደች ጊዜ በጨርቅ ጠቅልላ ነው ያስተኛችው። ለእረኞቹ የተሰጣቸውም ምልክት ይኸው በጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ነበር (ሉቃ. 2፥12)። ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሆነው በቤታቸው አይደለም። ከናዝሬት ወደ ቤተ ልሔም ተጉዘው፣ ማረፊያ አጥተው ባሉበት ጊዜ ነው። የእግዚአብሔር ልጅ ሰው ሲሆን ሕፃንነትንና የሕፃንነትን ጣጣ ሁሉ አልናቀም። እንግዲህ ልጁን በጨርቅ ይዞ የሚመጣ ሰው በጌታ ቤት ሊያፍር አይገባውም።

ዳይፐር ከየት መጣ?

አሁን አዋቂዎች ከሆንነው ብዙዎቻችን ያደግነው በጨርቅ ነው። እናቶቻችን ያረጀ ነጠላና ጋቢ እየቀደዱ፣ አቡጀዲ ከገበያ እየገዙ አሳድገውናል። ተጠቅሞ የሚጣለው ዳይፐር የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በአሜሪካ ማሪዮን ዶኖቫን የተባለች እናት በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከመታጠቢያ ቤት መጋረጃ ውኃ የማያሳልፍ የጨርቅ መሸፈኛ ሰፋች። ቀጥሎ ቪክቶር ሚልስ የተባለ የፕሮክተር ኤንድ ጋምብል መሐንዲስ የልጅ ልጁን ጨርቅ መቀየር ቢሰለቸው ሌላ መንገድ መፈለግ ጀመረ፤ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ1961 ፓምፐርስን ለገበያ አቀረበ። ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ኦንቴክስ የተባለ የቤልጂየም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የዳይፐር ፋብሪካ ከፈተ። ዛሬ በየሱቁ በፍሬም ይሸጣል።

ዳይፐር ለብዙ እናቶች እረፍት የሰጠ ነገር መሆኑን መካድ አይቻልም። ይሁን እንጂ ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። አንድ ሕፃን በቀን 6 ዳይፐር ቢጠቀም በወር 180 ነው። እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ድረስ ከ5,400 በላይ ይሆናል። ይህን ቁጥር በሠፈራችሁ ሱቅ ባለው የአንዱ ዋጋ አባዙት። ከዚያም ከቤት ኪራዩ፣ ከምግቡና ከአሥራቱ ጎን አስቀምጡት። በአንጻሩ 24 የሽንት ጨርቅ ያላት ቤት ለአንድ ልጅ በቂ አላት፤ ጨርቆቹ በደንብ ከተያዙ ለሁለተኛውም ልጅ ይደርሳሉ።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። የጣልነው ዳይፐር የት ይሄዳል? በአዲስ አበባ ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማው ቆሻሻ የተከመረው በቆሼ (ረጲ) ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ የሚሆኑ ወገኖቻችን ሕይወታቸው አልፏል፤ ከእነርሱም መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። አደጋው በዳይፐር ምክንያት መጣ ማለታችን አይደለም። ሆኖም ከቤታችን አውጥተን የጣልነው ነገር በአንድ ድሀ ወገናችን ደጃፍ እንደሚከመር ከዚያ ቀን ወዲህ አላወቅንም ማለት አንችልም።

ጨርቅም ዋጋ አለው

በሌላ በኩል ጨርቅ ያለ ዋጋ የሚገኝ አይደለም። ውኃ፣ ሳሙና፣ ጊዜና ጉልበት ይጠይቃል። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 ያወጣውና በ2008 የታደሰው ጥናት ያሳየው ዋና ነገር ይህ ነው፦ የጨርቅ ጥቅምና ጉዳት የሚወሰነው በአስተጣጠቡ ነው። በጣም በፈላ ውኃና በማድረቂያ ማሽን የሚያዝ ከሆነ ከዳይፐር ብዙም አይሻልም። በገመድ ላይ ከተሰጣና ለሁለተኛ ልጅ ከተላለፈ ግን በብዙ ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት ጥናትም ጨርቅ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና ከዳይፐር በ25 በመቶ ያነሰ እንደሆነ አስቀምጧል። ላንቻ ውስጥ ማድረቂያ ማሽን ያለው ቤት ጥቂት ነው፤ ገመድና ፀሐይ ግን አለን። የሚጎድለን ብዙውን ጊዜ ውኃና የሚያግዝ እጅ ነው።

ምን እናዘጋጅ?

ጨርቅ፦ አቡጀዲ፣ ፍላኔል ወይም ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ገዝታችሁ በየ70 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ቁረጡና ጠርዙን አዘምዝሙ። ያረጀ ነጠላና ጋቢ ደግሞ በብዙ መታጠብ የለሰለሰ ስለሆነ ሽንትን በደንብ ይመጣል። አዲስ ጥጥ ግን መጀመሪያ ላይ ውኃ አይመጥም፤ ሦስት አራት ጊዜ አጥባችሁ አድርቁት። አንድ ነጠላ ትልቅ ጨርቅ አጥፎ መጠቀም ወፍራም ሆኖ ከተሰፋው ይሻላል። ምክንያቱም ሲታጠብ በቀላሉ ይጠራል፤ ሲሰጣም ቶሎ ይደርቃል።

ብዛት፦ አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን እስከ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊቀየርለት ይችላል። በየሁለት ቀኑ ለማጠብ 24 ያህል ይበቃል። ልጁ የሚወለደው በክረምት ከሆነ 30 ብታደርጉት መልካም ነው።

መያዣና መሸፈኛ፦ ጨርቁን በመርፌ ቁልፍ መያዝ ይቻላል። ስትወጉ ሁልጊዜ የራሳችሁን ጣት በጨርቁና በሕፃኑ ገላ መካከል አድርጉ። መርፌው እምቢ ካለ ደረቅ ሳሙና ላይ ሰክታችሁ አውጡት፤ በቀላሉ ይገባል። ከላይ ውኃ የማያሳልፍ ፓንት ይደረጋል፤ ከእነዚህ ሦስት ወይም አራት ይበቃል። ፌስታል ማሰር ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ገላውን ያቆስላል፣ ፊቱ ላይ ከደረሰም ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

አስተጣጠፍ፦ ጨርቁን በሦስት ማዕዘን አጥፉና ሰፊውን ጎን ከወገቡ በታች አንጥፉ። ጫፉን በእግሮቹ መካከል አምጥታችሁ ከሁለቱ ጎኖች ጋር አያይዙ። ለወንድ ልጅ ፊት ለፊቱን፣ ለሴት ልጅ መካከሉን ደረብ አድርጉት። እትብቱ ወድቆ እስኪድን ድረስ ጨርቁ ከእምብርቱ በታች ይሁን። እግሮቹን አቃንታችሁ አጥብቃችሁ አትጠቅልሉ፤ የሕፃን ዳሌ በትክክል የሚያድገው እግሮቹ እንደ ልብ ሲታጠፉና ሲከፈቱ ነው።

እንዴት ይታጠብ?

በመጀመሪያ ሰገራውን ሽንት ቤት ውስጥ አራግፉ። "የሕፃን ካካ ንጹሕ ነው" የሚባለው ስሕተት ነው፤ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን በሕፃናት ሰገራም ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሜዳ ላይ ወይም ቦይ ውስጥ አይጣል። የእግዚአብሔር ሕግ እንኳ በዘዳግም ምዕራፍ 23 ላይ የሰፈሩን ንጽሕና በዚህ ጉዳይ አዝዟል።

ቀጥሎ ጨርቁን በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ አድርጋችሁ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ አስቀምጡ። ፈልቶ የመጣ ውኃ መጀመሪያ ካገኘው እድፉ ይጸናል። ባልዲው ውስጥ ውኃ ካለ ሁልጊዜ ተከድኖ ከሌሎች ልጆች መራቅ አለበት፤ ትንሽ ልጅ በጥቂት ውኃም ሊሰጥም ይችላል። ሳፋውና ባልዲው ለዚህ ሥራ ብቻ ይሁኑ፤ አትክልት ወይም ዕቃ አይታጠብባቸው።

ከዚያ በሞቀ ውኃና በሳሙና አሽታችሁ እጠቡ፤ ሁለት ጊዜም አለቅልቁ። በጨርቁ ውስጥ የቀረ ሳሙና ገላውን ያሳክከዋል። የልብስ ማለስለሻ አትጠቀሙ፤ ጨርቁ ሽንት እንዳይመጥ ያደርገዋል። አልፎ አልፎ፣ በተለይ ሕፃኑ ተቅማጥ ከያዘው፣ ጨርቁን ማፍላት ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ተሕዋስያንን ለመግደል ግን ይበቃል።

በረኪናን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሽንት ባለበት ጨርቅ ላይ በረኪና አታፍስሱ፤ ከሽንቱ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል። ከታጠበ በኋላ በጥቂቱ፣ በር ተከፍቶ፣ ከዚያም በብዙ ውኃ ተለቅልቆ ይሁን። በየቀኑ መጠቀምም ጨርቁን ይበላዋል።

ውኃ በፈረቃ ለሚመጣበት ቤት ደግሞ ይህን ስሌት ያዙ። የአንድ ቀን ጨርቅ በእጅ ለማጠብና ለማለቅለቅ በግምት 40 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ይበቃል። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ሳትደፉ ለነገው መዘፍዘፊያ አድርጉት። ውኃ ጭራሽ በጠፋባቸው ቀናት ዳይፐር ብትጠቀሙ ማንም ሊወቅሳችሁ አይገባም።

ክረምት ሲመጣ

በሐምሌና በነሐሴ የተሰጣ ጨርቅ ሁለት ቀን ሙሉ አልደርቅ ብሎ እናቶችን ያስለቅሳል። ዝናብ ሲያባራ ወዲያው ማስጣት፣ ማታ ማታ ቤት ውስጥ ገመድ ወጥሮ አራርቆ ማንጠልጠልና በመጨረሻ በካውያ ማድረቅ ይረዳል። ነገር ግን እባካችሁ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ምድጃ አቀጣጥላችሁ ጨርቅ አታድርቁ። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ በተኙበት ስንት ቤተሰብ ወስዷል! ከመንገድ ዳር ያላችሁ ደግሞ አቧራና የመኪና ጭስ እንዳያገኘው በጓሮ በኩል አስጡት።

ሕፃኑ እንዳይቆስል

ጨርቅ ሽንትን እንደ ዳይፐር አይደብቅም። ይህ ድካምም ጥቅምም ነው፤ ሕፃኑ መርጠቡን ቶሎ እናውቃለንና። በየሁለት ሰዓቱ እዩት፤ ካካ ካለ ግን ወዲያው ቀይሩ። ገላውን በውኃ አጥባችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ ያለ ጨርቅ አየር ይንካው። ቀላል መቅላት ከዚንክ ኦክሳይድ ቅባትና ከቶሎ ቶሎ መቀየር ጋር በጥቂት ቀናት ይጠፋል። ዙሪያውን ትናንሽ ነጠብጣብ ያለው ደማቅ ቅላት ካያችሁ ግን ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። እንዲሁም ትኩሳት ወይም የሚያዥ ቁስል ካለ አትዘግዩ። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም።

መንገድ ስትወጡ

በከተማ ውስጥ፦ ከላንቻ ወደ አምልኮ ስፍራችሁ በሚኒባስም ሆነ ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ጀምሮ በሠፈሩ በሚያልፈው ቀላል ባቡር ስትሄዱ ቀላል ቦርሳ ይበቃል። ሦስት የታጠፈ ጨርቅ፣ አንድ ትርፍ ፓንት፣ ትንሽ ፎጣ፣ ውኃ በሃይላንድ፣ ቁራጭ ሳሙና፣ አንድ ቅያሪ ልብስ ያዙ። ለረጠበው ደግሞ ዚፕ ያለውና ውኃ የማያሳልፍ ቦርሳ ወይም ክዳኑ የሚገጥም የፕላስቲክ ዕቃ ይኑራችሁ። ከመውጣታችሁ አምስት ደቂቃ በፊት ቀይሩለት። አንድ ተጨማሪ ጨርቅ ደርባችሁ ብታለብሱት ለአንድ ስብከት ያህል ይበቃል፤ ስብከቱ ካልረዘመ ማለታችን ነው!

ረጅም መንገድ፦ ወደ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ሁለት ሰዓት አንድ ጨርቅ ቁጠሩና ሁለት ትርፍ ጨምሩ። አምስት ሰዓት ከሆነ ሦስትና ሁለት፣ በድምሩ አምስት ማለት ነው። ባቱ ወይም ሻሸመኔ ላይ መኪናው ሲቆም ከምሳ በፊት ቀይሩ፤ ሹፌሩንም አስቀድማችሁ በትሕትና ንገሩት። ያገለገለ ዳይፐርም ሆነ ጨርቅ በመስኮት መወርወር ግን ለአማኝ ቀርቶ ለማንም አይገባም።

እንግድነት፦ ለጉባኤ ወይም ለዘመድ ጥየቃ ሄዳችሁ ስታድሩ በአስተናጋጆቻችሁ ሳፋ ላይ አትመኩ። የራሳችሁን ትንሽ ሳፋና ቁራጭ ገመድ ያዙ። ማታ ያጠባችሁት ጠዋት ይደርሳል። ወደ ሞቃትና እርጥብ ቆላ የምትሄዱ ከሆነ ጨርቁን ሳትተኩሱ አታልብሱ። ቱምቡ የምትባል ዝንብ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች እንቁላሏን እርጥብ ልብስ ላይ ትጥላለች፤ ትሉም ገላ ውስጥ ይገባል። የካውያ ሙቀት ግን እንቁላሉን ይገድለዋል።

ለሌሊት ጉዞና ለአውሮፕላን ዳይፐር ብትመርጡ ማስተዋል ነው እንጂ ሽንፈት አይደለም። ብዙ ቤተሰብ ቀን ቀን ጨርቅ፣ ለመንገድና ለሌሊት ዳይፐር ይጠቀማል። ይህ ብቻውን የወሩን ወጪ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል።

ታዲያ ማን ያጥበው?

ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። የሽንት ጨርቅ በብዙ ቤት የማይዘልቀው ጨርቁ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። አንዲት ሴት ብቻዋን ስለምትሸከመው ነው። ሌሊት ታጠባለች፣ ቀን ታጥባለች፤ ከዚያ በወሯ ትዝላለች። ባልም "ጨርቅ ይሻላል፣ ወጪ ይቀንሳል" ይላል፤ ሳፋው አጠገብ ግን አይታይም።

ወንድሜ ሆይ፣ በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጌታ ከማዕድ ተነሥቶ ልብሱን አኑሮ፣ ፎጣ ታጥቆ፣ በመታጠቢያ ውኃ አድርጎ የደቀ መዛሙርቱን እግር አጠበ። በዘመኑ ያ ሥራ የባሪያ ሥራ ነበር። ጴጥሮስም የደነገጠው ለዚህ ነው። በእኛ ቤት ዛሬ ያ ሳፋ የትኛው ይመስልሃል? የልጅህን ጨርቅ ብታጥብ ወንድነትህ አይጎድልም። ጎረቤት ቢስቅም ይሳቅ። ባል ማታ ማታ የቀኑን ጨርቅ አጥቦ ቢያሰጣ፣ ሚስትም የደረቀውን ብታጣጥፍ ሥራው ለሁለቱም ይቀላል። የቤት ሠራተኛ ካለችም ይህን ሁሉ በእርሷ ላይ ጭኖ "እኛ ጨርቅ ነው የምንጠቀመው" ማለት አይገባም። ሐዋርያው በቈላስይስ 4፥1 ጌቶችን ስለ ቅንነት ያሳሰበው ለእኛም ነው።

የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንም ድርሻ አላት። ከአዳራሹ ጎን ለእናቶች አንድ ጠረጴዛ፣ ክዳን ያለው ባልዲ፣ ውኃና ሳሙና ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አራስ ጥየቃ ስንሄድ ደግሞ ሁላችንም የሕፃን ልብስ ይዘን እንሄዳለን፤ ልብሱም በሁለት ወር ይጠበዋል። ከዚያ ይልቅ የቤት ለቤት ኅብረቱ ተነጋግሮ አንዱ አቡጀዲ፣ ሌላው ሳሙና፣ ሌላው ሁለት ፓንት ቢያመጣ፣ እኅቶችም ተራ ገብተው ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጨርቁን ቢያጥቡላት ምንኛ መልካም ነው! አንዱ የሌላውን ሸክም ይሸከም የተባለው (ገላ. 6፥2) ለመዝሙር ብቻ አይደለም።

በመጨረሻም በላንቻ ወዳስቀመጥናት እናት እንመለስ። የሚቀጥለው እሑድ ባለቤቷ ቀደም ብሎ ተነሥቶ የታጠቡትን ጨርቆች አጣጥፎ በቦርሳ ቢያስገባና "ዛሬ አብረን ነው የምንሄደው፤ ቢያረጥብ እኔ እቀይርለታለሁ" ቢላት፣ በአዳራሹም በር ላይ አንዲት እኅት "ነይ፣ ቦታ አዘጋጅተንልሻል" ብትላት፣ "ቀዝቅዛለች" የተባለላት እኅት በጉባኤው መካከል ስትዘምር እናገኛታለን።

ዳይፐር በማጣት ምክንያት ከቅዱሳን ኅብረት የሚቀር ቤተሰብ በመካከላችን አይኑር። ጌታ የትሕትናውን ፎጣ ለሁላችን ያስታጥቀን፤ ልጆቻችሁንም ይባርክ። አሜን።